እንዝርቱና መጥረጊያው፦ በጎልፍ ስዊንግ ክንድ መቼ ይዞራል?

የዚህ ጽሑፍ መነሻ በአንድ የልምምድ ሜዳ፣ ጎን ለጎን በተነጠፉ ሁለት ምንጣፎች ላይ የሰማኋቸው ሁለት ትእዛዞች ናቸው። በአንደኛው ምንጣፍ ላይ ኳሷ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ እየታጠፈ የሚጠፋባት ወጣት ቆማለች። በዕድሜ ጠና ያሉት አሰልጣኟ «ክንድሽን አዙሪው እንጂ! ምን ያስፈራሻል?» ይሏታል። በሁለተኛው ላይ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው አሉ፤ የእሳቸው ኳስ ደግሞ ገና ሳይርቅ ወደ ግራ ይጠመዘዛል። ወጣቱ አሰልጣኛቸው «ጋሼ፣ እጅዎን ይተዉት። በጭራሽ አያዙሩት» ይላቸዋል። ሁለቱም የታዘዙትን አደረጉ፤ የሁለቱም ኳስ ቀና አለ።

ነገሩ ግን ከራሴ አልወጣም። ያው ጨዋታ፣ ያው ዱላ፣ ሁለት የሚቃረኑ ትእዛዞች፣ ሁለቱም ሠሩ። «ለአንዱ ይዙር፣ ለሌላው አይዙር» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ሆኖም የሰው ክንድ ከሰው ክንድ ያን ያህል አይለይም። ሁለቱም ሰዎች አንድ ዓይነት አጥንት፣ አንድ ዓይነት መገጣጠሚያ አላቸው። ታዲያ አንዷን ያዳነ ትእዛዝ ሌላውን ለምን ያጠፋል? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከአጥንቱ ልጀምር። የምለው ሁሉ በቀኝ ለሚጫወት ሰው ነው፤ ግራኝ የሆነ ይገልብጠው።

ሁለት አጥንትና አንድ ትከሻ

ከክርን እስከ እጅ አንጓ ባለው ክንድ ውስጥ ሁለት አጥንቶች አሉ። አንዱ በአውራ ጣት በኩል ነው፣ ሌላው በትንሿ ጣት በኩል። መዳፋችሁን ወደ ሰማይ ስታደርጉ ጎን ለጎን ይተኛሉ። መዳፉን ወደ መሬት ስትገለብጡት በአውራ ጣት በኩል ያለው አጥንት በሌላው ላይ ይሻገራል። የክንድ መዞር ማለት ይኸው ነው። አንጓ ራሱ አይዞርም። አንጓ የሚችለው ወደ መዳፍ ወይም ወደ እጅ ጀርባ መታጠፍ፣ ወደ አውራ ጣት ወይም ወደ ትንሿ ጣት ማዘንበል ነው። «አንጓህን አዙር» የሚለው ምክር ብዙ ሰው የሚያሳስተው ለዚህ ነው፤ ሰውየው ክንዱን ማዞር ሲገባው አንጓውን ያጥፋል፣ ፊቱ (ኳሱን የሚመታው ገጽ) ከዒላማው ወደ ቀኝ የተከፈተው ዱላም እንደተከፈተ ይቀራል።

አንድ ነገር ሞክሩ። ክርናችሁን ከጎናችሁ ጋር አጣብቁና 90 ዲግሪ እጠፉት። ማማሰያ ወይም እርሳስ ጨብጣችሁ አውራ ጣታችሁን ወደ ላይ አድርጉ። ከዚያ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ አዙሩ። በየአቅጣጫው 80 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ያቆማል። አሁን እጃችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ዘርጉና እንደገና አዙሩ፤ ከበፊቱ በጣም ይበልጣል። ትርፉ የመጣው ከትከሻ ነው። የላይኛው ክንድ አጥንት በትከሻ ውስጥ ስለሚሽከረከር ሁለቱ ዙሮች ይደመራሉ።

ሁለቱን ለመለየት የክርናችሁን ውስጠኛ እጥፋት፣ ለምርመራ ደም የሚቀዳበትን ቦታ ተመልከቱ። እጥፋቱ ባለበት ሆኖ መዳፉ ብቻ ከዞረ፣ የዞረው ክንድ ነው። እጥፋቱም አብሮ ከዞረ ትከሻ ገብቶበታል። በጎልፍ ስዊንግ፣ ማለትም ዱላውን አንስቶ ኳሱን መትቶ እስኪያልፍ ባለው ውዝዋዜ፣ ውስጥ ሁለቱም አሉ። ስዊንግ ሲበላሽ ግን አብዛኛውን ጊዜ ክንድ የትከሻን ሥራ ደርቦ ሲሠራ ታገኙታላችሁ፤ ትከሻው ይቆማል፣ ክንዱ ብቻውን ይሽከረከራል።

አያያዝ ሒሳቡን አስቀድሞ ይዘጋል

«አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ቀማው» የሚለው ተረት ለጎልፍ የተባለ ይመስላል። ክንድ ስንት ዲግሪ መዞር እንዳለበት የሚወሰነው ዱላው ከመነሳቱ በፊት፣ ግራ እጅ እጀታው ላይ በተቀመጠበት ሁኔታ ነው። ኳሱ ጋ ቆማችሁ ወደ ግራ እጃችሁ ስትመለከቱ ከጣቶቹ ሥር ካሉት ጉብታዎች ስንቱ ይታያችኋል? ሁለት ወይም ሁለት ተኩል ከሆነ መሃል ላይ ናችሁ። አንድ ብቻ ከታየ ጎልፈኞች ደካማ ግሪፕ (አያያዝ) ይሉታል፤ ሦስትና ከዚያ በላይ ከታየ ጠንካራ ይሉታል። ጥንካሬው ስለ መጨበጥ ኃይል አይደለም፤ እጁ ወደ ግራ ዞሯል ወይስ ወደ ቀኝ የሚለውን ነው የሚናገረው።

ደካማ ግሪፕ የያዘ ሰው ፊቱን ቀና አድርጎ ኳስ ለመንካት ክንዱን ብዙ ማዞር አለበት። ጠንካራ ግሪፕ የያዘ ብዙ ካዞረ ኳሱን ወደ ግራ ይቀብረዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ማስተርስን፣ ከታላላቆቹ የጎልፍ ውድድሮች አንዱን፣ በ268 ምት፣ ከፓር (ለሜዳው ከተመደበው የምት ቁጥር) 20 በታች ሆኖ ያሸነፈውን ደስቲን ጆንሰንን ተመልከቱ። ዱላው ወደ ኋላ ተነስቶ ከላይ ሲደርስ ግራ አንጓው ወደ መዳፍ ታጥፏል፣ የዱላው ፊትም ተዘግቷል። ስለዚህ ኳሱ አካባቢ ክንዱን የሚያዞርበት ብዙ ምክንያት የለውም፤ ዳሌውና ደረቱ ይዞራሉ፣ ክንዱም ይከተላል። ደካማ ግሪፕ ይዞ የእሱን እንቅስቃሴ የሚቀዳ ሰው ኳሱን ሁሉ ወደ ቀኝ ይልከዋል።

የመጨበጥ ኃይልም የራሱ ድርሻ አለው። ጡጫችሁን በሙሉ ኃይል ጨብጡና ክንዳችሁን ለማዞር ሞክሩ። ይንቀረፈፋል፤ የሚጨብጡትና የሚያዞሩት ጡንቻዎች ጎን ለጎን ስለሆኑ ሁሉም አንድ ላይ ይገተራሉ። ከ10 አራት ወይም አምስት በሚሆን ኃይል መያዝ ይበቃል። እጀታው በመዳፉ መሃል ሳይሆን በጣቶቹ ሥር ይተኛ። በመዳፍ የያዘ ሰው ዱላው ስለሚንሸራተትበት ሳያውቀው አጥብቆ ይጨብጣል፤ ውሎ አድሮም የክርኑ ጎን መታመም ይጀምራል።

ዱላው ሲወጣ

በመጀመሪያዎቹ 40 ወይም 50 ሳንቲሜትሮች ክንድ ለብቻው ምንም አይሠራም። ደረትና ትከሻ ይዞራሉ፣ እጅና ዱላ አብረው ይሄዳሉ። እዚህ ላይ የሚታየው ጥፋት በግራ ክንድ ዱላውን ወደ ራስ መጠቅለል ነው፤ ዱላው ወገብ ከፍታ ሲደርስ ፊቱ ወደ ሰማይ ያያል፣ የዱላው ራስም ከእጆች ኋላ ተደብቋል። የዱላው ዘንግ ከመሬት ጋር ትይዩ ሲሆን ቁሙና አረጋግጡ። የፊቱ የታችኛው ጠርዝ ከጀርባ አጥንታችሁ ዝንባሌ ጋር ተመሳስሎ ትንሽ ወደ ኳሱ ማዘንበል አለበት። የዱላው ራስ ጫፍ በትክክል ወደ ሰማይ ቢያይም ብዙ አያጣላም። ፊቱ መሬቱን ካየ ተዘግቷል፣ ሰማዩን ካየ ተከፍቷል።

ከዚያ በኋላ አንጓ ወደ አውራ ጣት በኩል ያዘነብላል፤ የግራ እጅ ከመሬት ጋር ትይዩ ሲሆን ዘንጉና ክንዱ 90 ዲግሪ ያህል ይሠራሉ። የግራ ክንድም በዚሁ መንገድ ላይ ይዞራል፣ የእጁ ጀርባ ወደ ፊት ለፊት እያየ። ይህ ዙር የግድ ነው። አንጓው አዘንብሎ ክንዱ ባይዞር ዱላው በፊታችሁ ላይ እንደ ሻማ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የቀኝ ክንድ በተቃራኒው ይገለበጣል፤ ክርኑ ታጥፎ ወደ መሬት ያያል፣ መዳፉም ትሪ እንደተሸከመ አስተናጋጅ እጅ ወደ ላይ ያዘነብላል።

«ግራ እጅህን ቀጥ አድርግ» የሚለው ትእዛዝ ላይ ብዙ መቆየት አልፈልግም፤ ከሚገባው በላይ ተወርቶለታል። ሃሪ ቫርደን እ.ኤ.አ. ከ1896 እስከ 1914 ባለው ጊዜ ብሪቲሽ ኦፕን የተባለውን ታላቅ ውድድር ስድስት ጊዜ ያሸነፈው ግራ ክርኑን ከላይ በሚታይ ሁኔታ እያጠፈ ነው። ካልቪን ፒት ደግሞ በልጅነቱ ከዛፍ ወድቆ ግራ ክርኑ ስለተሰበረ እጁን ቀጥ ማድረግ ፈጽሞ አይችልም ነበር። ይህ ሰው በፒጂኤ ቱር፣ በአሜሪካ የባለሙያዎች ውድድር፣ 12 ጊዜ አሸንፏል፤ እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1990 ለ10 ተከታታይ ዓመታትም ድራይቭ (የመጀመሪያውን ረጅም ምት) ሲመታ ኳሱን ሜዳው ላይ በማሳረፍ ከሁሉም አንደኛ ነበር። የታጠፈው እጁ ሁልጊዜ በአንድ መጠን የታጠፈ ነበር። የሚያስፈልገው ያ ነው፤ ኳስ ሲነካ የእጁ ርዝመት ሲነሳ ከነበረው እንዳይለይ። አጥብቆ ቀጥ ያደረገ እጅ ደግሞ ትከሻውን ያስረዋል፣ ክንዱም እንዳይዞር ይቆልፈዋል።

መጥረጊያና እንዝርት

አሁን ሁለቱን ትእዛዞች ወዳስታረቀልኝ ነጥብ ደርሻለሁ። ረጅም ማማሰያ ያዙ። ማማሰያው ከክንዳችሁ ጋር 90 ዲግሪ እንዲሠራ አድርጋችሁ ክንዳችሁን አዙሩት። የማማሰያው ጫፍ ከዳር እስከ ዳር ይጠርጋል፣ ልክ እንደ መኪና የዝናብ መጥረጊያ። አሁን ማማሰያውን ከክንዳችሁ ጋር በተቻለ መጠን ቀጥ አሰልፉትና ያንኑ ዙር ድገሙ። ጫፉ ቦታውን ብዙም አይለቅም፤ ባለበት እንደ እንዝርት ይሾራል።

ያው ክንድ፣ ያው ጡንቻ፣ ያው ዙር ነው፤ ውጤቱ ግን ፍጹም የተለየ ነው። ዘንጉና ክንዱ 90 ዲግሪ በሠሩበት ቦታ፣ ማለትም ከላይና ከላይ መውረድ ሲጀመር፣ የክንድ ዙር የዱላውን መንገድ ይለውጣል። ዘንጉና ክንዱ ወደ መስመር እየቀረቡ በሚሄዱበት ቦታ፣ ማለትም ኳሱ አካባቢ፣ ያው ዙር የዱላውን ፊት ይለውጣል። ከላይ መጥረጊያ፣ ከታች እንዝርት። በመካከል ያለው እያንዳንዱ ዲግሪ የሁለቱ ድብልቅ ነው። ፍጹም ቀጥ ያለ መስመር ስዊንግ ውስጥ የለም፤ ኳስ ሲነካም ዘንጉ ከክንዱ ጋር ትንሽ ማዕዘን ይተርፈዋል።

እዚህ ላይ ወጣቷን መለስ ብዬ አሰብኳት። ኳሷ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው ክንዷን ስለማታዞር ይመስላል። እንደ እሷ ኳስ የሚታጠፍባቸውን ብዙ ሰዎች በቀስታ ብታዩ ግን ክንዳቸውን ያዞራሉ፤ የሚያዞሩት ከላይ ነው። ዱላው መውረድ ሲጀምር ቀኝ መዳፍ ወደ መሬት ይገለበጣል፣ የዱላው ራስም እንደ መጥረጊያ ወደ ውጭ፣ ወደ ኳሱ መስመር ማዶ ይወረወራል። ከዚያ ዱላው ከውጭ ወደ ውስጥ እየቆረጠ ይመጣል። ኳሱ ጋ ሲደርሱ ዙሩ አልቆባቸዋል። ኳሱ ወደ ግራ እንዳይሄድ ፈርተውም ክንዳቸውን ይይዙታል፣ ፊቱ ከመንገዱ አንጻር እንደተከፈተ ይቀራል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኼ ነው። ዙሩ ከላይ ፈሰሰ፣ ከታች ሲለቀም አልተገኘም።

ሽማግሌው ደግሞ ችግራቸው ታች ነው። ዱላቸው በጥሩ መንገድ ይወርዳል፤ ዳሌና ደረታቸው ግን ኳሱ ጋ ሲደርሱ ይቆማሉ። ሰውነት ሲቆም እጅ ይቆማል፣ እጅ ሲቆም ዱላው ያልፋል፣ ክንዶቹም በአጭር ርቀት ውስጥ ሙሉ ዙራቸውን ይጨርሳሉ። እንዝርቱ ከልክ በላይ ሾረ። «አያዙሩት» ሲባሉ ዙሩን አላጠፉትም፤ ሊጠፋም አይችልም። ያደረጉት ሰውነታቸውን ማስቀጠል ነው፤ ስለዚህ ያው ዙር በረጅም ርቀት ላይ ተዘረጋ። እሷ ዙሯን ከላይ ወደ ታች አዘገየች፣ እሳቸው የተጨናነቀውን አሳሱት። በሁለቱም ላይ የተለወጠው ከመጠኑ ይልቅ ጊዜውና ቦታው ነው ብዬ አምናለሁ።

ከወገብ እስከ ወገብ

ዘንጉ ሲወርድ ከመሬት ጋር ትይዩ ከሚሆንበት እስከ ማዶ እንደገና ትይዩ እስከሚሆንበት ያለው ርቀት ላይ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ዳኝነቱ የሚሰጠው እዚያ ነው። ዱላው ከላይ ተነስቶ ኳስ እስኪነካ ሩብ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ሰው አንድ ነገር አይቶ በጡንቻው ለመመለስ ወደ አንድ አምስተኛ ሰከንድ ይፈልጋል። ስለዚህ ከወገብ በታች «አሁን ላዙር» ብሎ የሚወስን ሰው የለም፤ ትእዛዙ ቢሰጥም የሚደርሰው ኳሱ ከሄደ በኋላ ነው። በገና ጨዋታ ሩሩ እየተንከባለለች ስለምትመጣ እጅ ከዓይን ጋር እየተማከረ ይመታል። የጎልፍ ኳስ ቆሞ ነው የሚጠብቀው፤ ምክክሩ ዱላው ሳይነሳ ማለቅ አለበት።

ቁጥሩ ራሱ ያስተምራል። ኳስና ዱላ የሚነካኩት ለሰከንድ ግማሽ ሺኛ ገደማ ነው፤ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር በሚሄድ ዱላ ይህ ወደ 2 ሳንቲሜትር ርቀት ነው። የዱላው ፊት በዚያ ሰዓት በሰከንድ 2,000 ዲግሪ ፍጥነት እየተዘጋ ነው እንበል። በአንድ ሺኛ ሰከንድ ዘገየ ማለት 2 ዲግሪ ተከፈተ ማለት ነው። ኳሱ የሚነሳበትን አቅጣጫ በአብዛኛው የሚወስነው ፊቱ ነው፤ በድራይቨር (ለረጅም ምት በሚያገለግለው ዱላ) 85 በመቶ ገደማ፣ በአይረን (ራሱ ቀጭን በሆነው የብረት ዱላ) 75 በመቶ ገደማ። መነሻው በ2 ዲግሪ የተሳሳተ ኳስ 200 ሜትር ሲደርስ 7 ሜትር ወደ ጎን ሄዷል፤ በአየር ላይ የሚታጠፈው ሳይቆጠር። ይህን ፍጥነት በእጅ ስሜት ለማስተካከል መሞከር ከንቱ ድካም ነው። የሚቻለው የመዘጋቱን ፍጥነት ማብረድ ነው፤ የሚያበርደውም ሰውነት ሳይቆም መዞሩ ነው።

ታዲያ ምን መታየት አለበት? ዘንጉ ሲወርድ ትይዩ በሚሆንበት ቦታ እጆች ከቀኝ ጭን ፊት ለፊት ናቸው፣ ቀኝ ክርን ከጎን አጥንት ፊት ተጠግቷል፣ የዱላው ፊት ወደ ኳሱ ትንሽ አዘንብሏል። ቀኝ አንጓ ወደ ኋላ እንደታጠፈ ነው። ኳስ ሲነካ ዳሌ ወደ ዒላማው ተከፍቷል፣ ግራ አንጓ ቀጥ ብሏል ወይም በትንሹ ወደ መዳፍ ታጥፏል፣ በአይረን ሲሆን እጆች ከዱላው ራስ ቀድመዋል። ማዶ ሲደርስ ሁለቱም እጆች ተዘርግተዋል፣ ቀኝ ክንድ በግራው ላይ መሻገር ጀምሯል፣ የዱላው ጫፍ ወደ ሰማይ ያያል። የእጀታው ቂጥ እምብርታችሁን ማመልከቱን እዩ፤ ወደ ቀኝ ጎናችሁ ካመለከተ እጅ ከሰውነት ቀድሟል።

ቡሄ ሲመጣ ጅራፍ ያጮኸ ሰው ይህን በሰውነቱ ያውቀዋል። ጅራፉን የሚያጮኸው እጀታውን እስከ መጨረሻ የሚገፋ ልጅ አይደለም፤ እጁን በጊዜው ገታ ሲያደርግ ነው ፍጥነቱ ወደ ጫፉ የሚሸሸው። በስዊንግም ዳሌ መጀመሪያ ይፈጥናል፣ ከዚያ ደረት፣ ከዚያ ክንድ፣ በመጨረሻ ዱላ። ክንድ ተራውን ሳይጠብቅ ከላይ ከገባ ዱላው ኳሱ ጋ የሚደርሰው ፍጥነቱን ከጨረሰ በኋላ ነው።

ሁለት ጥፋቶችን ሳልጠቅስ አላልፍም። አንደኛው መጨለፍ ነው። ኳሱን ወደ ላይ ለማንሳት ሲባል ቀኝ አንጓ ኳሱ ጋ ሳይደርስ ይዘረጋል፣ ግራው ወደ እጁ ጀርባ ይሰበራል፣ ዱላው እንደ ጭልፋ ከታች ይመጣል። ያኔ ወይ ከኳሱ በፊት አፈር ይመታል፣ ወይ የኳሱን ወገብ ይቀጠቅጣል። ክንዱ ቢዞር ኖሮ አንጓው መሰበር አያስፈልገውም ነበር፤ ሁለቱም ፊቱን የሚዘጉበት መንገዶች ናቸው፣ አንደኛው ሲጠፋ ሌላው ይተካል። ሁለተኛው ጎልፈኞች የዶሮ ክንፍ የሚሉት ነው፤ ኳሱ ከተመታ በኋላ ግራ ክርን ታጥፎ ወደ ዒላማው ይወጣል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ፊቱ እንዳይዘጋ ከመፍራት፣ ወይም ቆርጦ ከወረደ ዱላ ቦታ ለመስጠት ነው። ሁልጊዜ ግን በሽታ አይደለም። ጆርዳን ስፒዝ እ.ኤ.አ. በ2015 ማስተርስንና ዩኤስ ኦፕንን ያሸነፈው ግራ ክርኑ በትንሹ ታጥፎ ኳሱን እያለፈ ነው፤ ለእሱ ፊቱ ቶሎ እንዳይዘጋ የሚያደርግ መያዣ ነው።

የሆጋን መድኃኒት

ክንድን ስለማዞር ከሁሉ በላይ ያስተማረው አሜሪካዊው የጎልፍ ተጫዋች ቤን ሆጋን ነው፤ ከሁሉ በላይ የተሳሳተ ትርጉም የተሰጠውም እሱ ነው። በወጣትነቱ ኳሱ ወደ ግራ እየተጠመዘዘበት ለዓመታት ተሠቃይቷል። እ.ኤ.አ. በ1955 ላይፍ መጽሔት ላይ «ምስጢሬ» ብሎ የገለጠው ሦስት ነገር ነበር፦ ግራ እጁን ወደ ደካማ ግሪፕ መለስ ማድረግ፣ ሲወጣ ግራ ክንዱን ማዞር፣ ከላይ ሲደርስ ግራ አንጓውን ወደ እጁ ጀርባ በትንሹ ማጠፍ። ሦስቱም ፊቱን ይከፍታሉ። ከዚያ ሲወርድ የፈለገውን ያህል ኃይል ቢያወርድበት ፊቱ ከልክ በላይ አይዘጋም።

ያንን መድኃኒት የወሰዱት ግን በአብዛኛው ኳሳቸው ወደ ቀኝ የሚታጠፍባቸው የሳምንት መጨረሻ ተጫዋቾች ናቸው። የተከፈተውን ጨርሰው ከፈቱት። ያው ሆጋን ደግሞ ኳስ ሲነካ ግራ ክንድ መገልበጥ እንዳለበት፣ የአንጓው አጥንት ወደ ዒላማው መውጣት እንዳለበት አጥብቆ ያስተምር ነበር። ሲወጣ የከፈተውን ያህል ሲወርድ መመለስ ነበረበት። ግማሹን ትምህርት የወሰደ ሰው በር ከፍቶ መዝጊያውን ረስቷል። ስለዚህ አንድ ተጫዋች ምክር ከመቀበሉ በፊት ኳሱ ወዴት እንደሚሄድ ቢጠይቅ ይሻለዋል፤ ምክሩን የሰጠው ሰው ኳስ ወዴት ይሄድ እንደነበርም ጭምር።

በእጅ የሚለመድ

ልምምዱ ረጅም አይደለም፤ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። 8 ቁጥር ወይም 9 ቁጥር አይረን ያዙ።

መጀመሪያ ያለ ኳስ፣ በሁለት እጆቻችሁ መካከል 10 ሳንቲሜትር ያህል ክፍተት ትታችሁ ዱላውን ያዙ። ከወገብ እስከ ወገብ በቀስታ 15 ጊዜ ወዝውዙ። እጆች ሲራራቁ ቀኝ ክንድ በግራው ላይ ሲሻገር በግልጽ ይሰማል፤ ደረታችሁ ከቆመ ደግሞ ግራ ክርናችሁ ወዲያው ስለሚጨናነቅ ይነግራችኋል። ቀጥሎ በግራ እጅ ብቻ፣ ከእጀታው ዝቅ ብላችሁ ይዛችሁ፣ 10 ጊዜ። የግራ እጅ ሰዓት መስታወት ኳሱ ጋ ወደ ዒላማው ይይ፣ ካለፈ በኋላ ቀስ እያለ ወደ መሬት ይዘንብል። ብዙ ሰው በዚህ ይደክመዋል፤ ክርኑን ካመመው ያቁም፣ በማግስቱ በአምስት ይጀምር።

ከዚያ ፎጣ በደረታችሁ ላይ አሳልፋችሁ ጫፎቹን በሁለቱ ብብቶች ያዙና ኳስ ምቱ፣ አሁንም ከወገብ እስከ ወገብ፣ ሦስት ዙር በአሥር በአሥር። ፎጣው ከወደቀ የላይኛው ክንድ ከደረት ተለይቷል ማለት ነው፤ ክንዱም ለብቻው ሥራ ጀምሯል። ኳሱ 40 ወይም 50 ሜትር ቢሄድ በቂ ነው። ርቀቱን ተዉትና መነሻውን ተመልከቱ። ወደ ግራ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ከሄደ ፊቱም መንገዱም ወደ ግራ ናቸው፤ የክንዱን ዙር አትንኩት፣ ከላይ የተጣደፈውን ፈልጉ። ቀጥ ብሎ ተነስቶ ወደ ግራ ከታጠፈ ሰውነት ቆሟል። ወደ ቀኝ ተነስቶ የበለጠ ወደ ቀኝ ከታጠፈ መጀመሪያ ግሪፑን እዩ፣ ጉብታዎቹን ቁጠሩ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ስለ ክንድ አስቡ።

ፑት ሲመታ፣ ማለትም ኳሱ ወደ ጉድጓዱ ሲንከባለል፣ ክንድ ለብቻው አይዞርም፤ ትከሻ እንደ ፔንዱለም ይወዛወዛል፣ ሌላው ዝም ይላል። ኳሱ ከአሸዋ ሲወጣ ደግሞ ፊቱ እንደተከፈተ መቆየት ስላለበት ግራ ክንድ ከአሸዋው በኋላም አይገለበጥም፤ ስዊንጉ ሲያልቅ የዱላው ፊት ወደ እናንተ ፊት ያያል።

እነዚያን ሁለት ሰዎች አሁን ባገኛቸው ለወጣቷ «ከላይ ስትደርሺ ቀኝ መዳፍሽ ትሪ እንደያዘ አንድ ትንፋሽ ይቆይ፤ ከወገብሽ በታች እንደፈለገው ይዙር» እላታለሁ። ለጋሼ ደግሞ ስለ ክንድ ምንም አልነግራቸውም። ኳሱ ከሄደ በኋላ የቀበቶዎ ዘለበት ዒላማውን እስኪያይ ይዙሩ፣ ቀኝ ተረከዝዎም ከመሬት ይነሳ እላቸዋለሁ።